የትኛው ነው የመጨረሻው?

ግንቦት ገብቶ የምረቃ ወሬ ሲሟሟቅ፣ ደብረ ታቦር ላይ ሦስት ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ መውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከፊት የተሰለፉት ሁሉ ተመራቂዎች ናቸው። አንዱ ፍላሹን ያቀብላል፤ አታሚዋ ትሰካዋለች፤ ስክሪኑ ላይ ፎልደሮች ይደረደራሉ፦ «ፕሮጀክት»፣ «ፕሮጀክት አዲሱ»፣ «ፋይናል»፣ «ፋይናል የታረመ»፣ «ፋይናል ፋይናል»፣ «ይሄኛው»። አታሚዋ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠይቃለች፦ «የትኛው ነው የመጨረሻው?»

ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ልጁ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ ወደ ጓደኛው ዞር ይላል፤ ስልክ ይደውላል። በመጨረሻ «ቀኑን እዪና የቅርቡን ክፈቺው» ይላል። ቀኑ ግን አይታመንም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ያለቀችበት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ፋብሪካ ወደ ሞላለት ቀን ይመልሳል። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ የትናንት ማታ እርማት፣ ልጁ ሳይወለድ የተጻፈ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ስድስቱም ይከፈታሉ፤ ሰልፉም ይረዝማል።

ወረቀት ሲሆን ጣጣው ይኸው ነው፤ ተገላልጦ ይለያል። ኮድ ሲሆን ይብሳል። የመመረቂያ ሥራ አራት አምስት ሆነው የሚሠሩት ነው፤ ብዙ ጊዜም የአንድ ነገር «ማኔጅመንት ሲስተም» ይሆናል፦ የክሊኒክ፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የቀበሌ መታወቂያ። አንዱ የመግቢያ ገጹን ይይዛል፤ ሌላዋ ሪፖርቱን፤ ሁለቱም ግን ሳይነጋገሩ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ያንን አንድ ፋይል ነካክተዋል። ማታ በፍላሽ ሲገናኙ ዊንዶውስ በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ ልተካው ወይ ብሎ በጨዋ ደንብ ይጠይቃል። «እሺ» ይባላል። በዚያች እሺ የአንድ ሰው የቀን ሙሉ ልፋት ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል፤ መጥፋቱም የሚታወቀው ፈታኞች ፊት ሲቆሙ ነው።

ፕሮግራመሮች ለዚህ መላ ከፈለጉ ቆይተዋል። ማርክ ሮችካይንድ የተባለ ሰው ቤል ላብስ ውስጥ የኮድን ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም የጻፈው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ሲቪኤስ መጣ፣ ሰብቨርዥን መጣ፤ ሁለቱም ታሪኩን አንድ ሰርቨር ላይ አስቀምጠው ለሠራተኛው የዛሬውን መልክ ብቻ የሚያድሉ ነበሩ። ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበት ጊት ግን የተወለደው ከኩርፊያ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስና ባልደረቦቹ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊነክስን ኮድ የሚያስተዳድሩት ቢትኪፐር በሚባል የአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ነበር፤ በነፃ። በ2005 ኩባንያው ነፃውን አቆመ፤ ከእናንተ ወገን አንዱ የፕሮግራሜን አሠራር ሊፈታብኝ ሞከረ የሚል ቅሬታ ነበረው። ቶርቫልድስ ሌላ ደጅ አልጠናም፤ የራሱን መጻፍ ጀመረ። በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ በራሱ መዝገብ ማስፈር ቻለ። የመጀመሪያው መዝገብ የተጻፈበትን ቀን ወደኛ አቆጣጠር ብመልሰው መጋቢት 29 ቀን 1997 ሆኖ አገኘሁት፤ ሊቃውንቱ ጥንተ ትንሣኤ የሚሉት ዕለት። ሰውየው ይህን ከየት ያውቀዋል? በዚያ መዝገብ ላይ ያሰፈረው መግለጫ እንዲያውም ጊትን ከሲኦል የመጣ የመረጃ አስተዳዳሪ ይለዋል።

እኔ ቀርቤ ያየሁት ጊት ሰርቨር የሚባል ነገር አልነበረውም። የተቀመጠው ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ሦስት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ቀን ቀን የሚማርበት ላብ ውስጥ ዊንዶውስ የተጫነበት ዴስክቶፕ አለ፤ ቅዳሜና እሑድ ወረታ ይወርድና ወንድሙ የሚሠራበት ሱቅ ውስጥ ያለውን ይጠቀማል፤ ቤቱ ደግሞ ባትሪው ስለሞተ ገመዱ ሲነካ የሚጠፋ ላፕቶፕ አለው፤ ዊንዶውስ ስለከበደው ኡቡንቱ ጭኖበታል። ኢንተርኔት ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ካርድ ይበላል። «ታዲያ ጊት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል እንዴ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ጊትና ጊትሃብ እኮ ይለያያሉ» አለኝ። ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳ ከድምፁ ያስታውቃል።

ልክ ነው። ጊት ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። ጊትሃብ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ የሰውን የጊት ማከማቻ በኢንተርኔት የሚያስቀምጥ ድርጅት ነው፤ በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ጊት ያለ ጊትሃብ ይኖራል። ፎልደሩ ጋ መድረስ እስከቻለ ድረስ ፎልደሩ ካሊፎርኒያ ይሁን ካፖርት ኪስ ውስጥ ግድ የለውም።

አዘገጃጀቱ አጭር ነበር። ፍላሹ ላይ «ቤር» የሚሉትን ዓይነት ማከማቻ ከፈተ። እዚህ ማከማቻ ውስጥ የሚሠራበት ፋይል የለም፤ ታሪኩ ብቻ ነው ያለው፤ ከፍተው ቢያዩት የሚነበብ ኮድ አያገኙበትም። ሆን ተብሎ ነው፤ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን የሚቀበል ቦታ ላይ ማንም ቁጭ ብሎ እንዳይጽፍበት። ከዚያ በሦስቱም ኮምፒውተር ላይ «ክሎን» አደረገ፤ ሙሉ ቅጂውን ከነታሪኩ ወሰደ ማለት ነው። የቀረው ልማድ ነው፦ ሲቀመጥ ፑል (ከፍላሹ መቀበል)፣ ሲሠራ ኮሚት (ለውጡን መዝገብ ላይ ማስፈር)፣ ሲነሣ ፑሽ (ወደ ፍላሹ መላክ)። ፍላሹን ላብ ያለው ኮምፒውተር «ኢ» ብሎ ይጠራዋል፤ የወረታው «ኤፍ» ይለዋል፤ ኡቡንቱ ጭራሽ ፊደል አይሰጠውም። ይህ ያጋጫቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላጋጫቸውም፤ ፍላሹ የት እንዳለ እያንዳንዱ ክሎን ለራሱ ይመዘግባል እንጂ ለሌላው አይነግርም።

እንቅፋቱ ካልጠበቅነው በኩል መጣ። ላፕቶፑ ላይ በሰላም የሠራው ማከማቻ ላብ ሲደርስ ጊት አሻፈረኝ አለ፤ የዚህ ማከማቻ ባለቤት አጠራጣሪ ነው የሚል መልእክት አወጣ። ነገሩ ጥንቃቄ ነው። ከሚያዝያ 2014 ወዲህ የወጣ ጊት ሌላ ሰው በከፈተው ማከማቻ ውስጥ ዝም ብሎ አይሠራም፤ ተንኮለኛ ሰው የጋራ ኮምፒውተር ላይ ማከማቻ ቢያጠምድ፣ ሳያውቅ የገባው ሰው በስሙ የተንኮለኛውን ትእዛዝ ሊያስፈጽም ይችላልና። ፍላሽ የሚቀረጽበት ፋት የሚባለው አሠራር ደግሞ የፋይል ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ እንዲህ የተቀረጸ ፍላሽ ሁሉ አጠራጣሪ ነው። ልጁ ይህ ፎልደር የታመነ ነው የሚል አንድ መስመር አስገባለትና አለፈ። እኔ ግን እዚያው ትንሽ ቆየሁ። ፎልደር እየደበቀ በምትኩ ሾርትከት የሚተክለው ቫይረስ ከአንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ስንት ዓመት ታዝቤያለሁ። አንዴም ቢሆን «የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ፕሮግራም ግን አልገጠመኝም ነበር።

ሌላው እንቅፋት በዓይን አይታይም። ልጁ አንዲት ቃል አርሞ ሲያበቃ ጊት ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ተለውጧል አለው። ወንጀለኛው የመስመር ማብቂያ ነው። የጽሕፈት መኪና የተየበ ሰው እንደሚያስታውሰው መስመር ሲያልቅ ሁለት ሥራ ነበር፦ ጋሪውን ወደ ዳር መመለስና ወረቀቱን ወደ ላይ መግፋት። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መስመር ዛሬም ሁለቱን ምልክቶች ያስቀምጣል። ሊነክስ አንዷ ትበቃኛለች ብሎ ሌላዋን ከመነሻው ትቷታል። አንድ ፋይል በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ሰው ምንም አያይም፤ ጊት ግን ያያል። ማከማቻው ውስጥ በምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ፋይል፣ ለጽሑፍ ሁሉ አንድ ማብቂያ ይሁን ብሎ መደንገግ ይቻላል፤ ተደነገገ።

ሦስተኛውን ችግር ግን ጊት አይፈታውም፤ ሥራው አይደለምና። እነዚህ ፕሮጀክቶች አብዛኞቹ በፒኤችፒ ተጽፈው ዛምፕ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ኮዱ በፎልደር ውስጥ ስለሆነ ይጓዛል። ዳታቤዙ ግን ሌላ ቦታ፣ እዚያው የተፈጠረበት ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ይቀራል። ልጁ የሚሠራው የክሊኒክ ሲስተም ነው፤ ኮዱ ሦስቱም ኮምፒውተር ዘንድ ደርሶ፣ ለሙከራ የመዘገባቸው በሽተኞች በሙሉ ወረታ ቀርተው ተገኙ። መፍትሔው ዳታቤዙን በኤስኪዩኤል ፋይል አውጥቶ ከኮዱ ጋር ማስገባት ነው። ይህንን የሚረሳ ተማሪ ብዙ ነው፤ ባዶ ሠንጠረዥ ይዞ ፈታኝ ፊት የቆመን ልጅ ላብ ያየ ያውቀዋል፤ የደብረ ታቦርም ብርድ አያደርቀውም።

ብቻውን ሲሠራ ይህ በቂ ነበር። ጓደኞቹ ሲጨመሩ ግን ያ የዳታቤዝ ማገናኛ ፋይል ተመልሶ መጣ። ሁለት ልጆች አንዱን መስመር ሁለት ዓይነት አድርገው ጽፈውታል። አሁን «ልተካው?» የለም። ጊት ቆመ፤ ፋይሉ ውስጥ ሰባት ሰባት ምልክት ደርድሮ የአንደኛውን ከላይ፣ የሁለተኛዋን ከታች አስቀምጦ መለሰላቸው። እናንተው ጨርሱት ማለቱ ነው። የትኛው ልክ እንደሆነ አያውቅም፤ አውቃለሁም አይልም።

ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ፣ ጋይንት ውስጥ፣ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቦታ አለ። ቤተልሔም ይባላል፤ የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ድጓ የዓመቱን በዓላት ዜማ የያዘ፣ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ተማሪው ሲማር መጽሐፉን ራሱ ይገለብጣል። ቃሉን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ በየቃሉ አናት ላይ ደግሞ ዜማው እንዴት እንደሚሄድ የሚናገሩ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ሌሎቹም፤ ከእነሱም ጋር ከሌላ ዜማ ተቆርጠው የሚጻፉ ፊደላት። ይህን ሥርዓት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንዳበጁት ይነገራል፤ ገላውዴዎስ የነገሡት ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ነው። አንዲት ጭረት ብትዘለል ዜማው ሌላ ይሆናል። ተማሪው ከቤተልሔም ርቆ ባለ አንድ ድጓ ቤት ዓመታት ከተማረ በኋላ መጽሐፉን አንግቦ ወደ ጋይንት ይሄዳል። እዚያ የኔታ ፊት ያዜማል፤ ዜማው ይቃናል፤ መጽሐፉም ይታረማል። ከዚያ በኋላ ነው «የድጓ መምህር» የሚባለው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለው ሌላው የዜማ ትምህርት ሲሆን መንገዱ ወደ ዙር አምባ ነው፤ እሷም እዚያው ጋይንት ናት። ለአንድ ገጠር ይህ ሁሉ ምስክርነት ይበዛበታል ያሰኛል፤ ለዘመናት ግን ከየአገሩ የተሰደደ ተማሪ እነዚህን ሁለት ስሞች እየጠየቀ ይህን ደጋ ወጥቶታል።

በብዙ እጅ የሚገለበጥ ነገር እንዳይበተን አንድ የሚታመን ቦታ ያስፈልጋል፤ የፍላሹም ማከማቻ ሥራው ይኸው ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ቤተልሔም ላይ የሚመሰክረው ጆሮ ያለው ሰው ነው፤ ይህ ትክክል ነው፣ ይህ ስሕተት ነው ይላል። ጊት የሚመሰክረው ሁለት ቅጂዎች አንድ መሆን አለመሆናቸውን ብቻ ነው። በዚህ ግን የሚያህለው የለም። ለእያንዳንዱ ኮሚት ከይዘቱ አስልቶ 40 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይሰጠዋል፤ በስሌቱ ውስጥ የጸሐፊው ስም፣ ሰዓቱ፣ መግለጫውና ከእሱ በፊት የነበረው ኮሚት መለያ ይገባሉ። ከሦስት ወር በፊት በተጻፈ ፋይል ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትነካ የዚያ መለያ ይለወጣል፤ የእሱ ሲለወጥ የተከታዩ፣ የተከታዩ ሲለወጥ የዛሬው። ኮዱ ግን ከመጀመሪያው ስሕተት ከሆነ፣ ስሕተቱን ነጥብ ሳያጎድል ለሦስቱም ኮምፒውተር ያደርሳል።

ድጓው ዘንድ ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ቤተልሔም ብቻውን አይደለም፤ ቆማ አለ፣ አጫብር አለ። ያው ድጓ በየቤቱ የየራሱ የዜማ መንገድ አለው። ደብረ ታቦርም በአቋቋም ስልት የራሷ ስም አላት። እነዚህ ቅርንጫፎች ለዘመናት ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አንዱ ቤት ሌላውን ዋጥ አድርጎ አንድ ካልሆንን አላለም። ፕሮግራመር ግን ብራንች የሚለውን ቅርንጫፍ ከፍቶ ሦስት ሳምንት ሳይቀላቅል ከቆየ እንቅልፍ አይወስደውም። ያ የክሊኒክ ሲስተም ሁለት መንገድ ቢኖረው ምን ይጎዳዋል ብዬ ልጁን አልጠየቅሁትም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ክሊኒኩ አንድ ነው፤ በሽተኛው በሁለት ዜማ አይመዘገብም።

ታሪክን መፋቅስ? ይቻላል። አሮጌ የብራና መጻሕፍት ያገላበጠ ሰው የሚያውቃት አንዲት ነገር አለች፦ በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ ብራናው ተፍቆ ሳስቷል፤ በላዩም በሌላ እጅ የሌላ ሰው ስም ተጽፏል። መጽሐፉ ተሸጧል ወይም ተወርሷል፤ አዲሱ ጌታ የፊተኛው እንዲጸለይለት አልፈለገም። ጊትም «ፎርስ ፑሽ» የሚባል ምላጭ አለው፤ የጋራውን ማከማቻ ታሪክ በራስ ታሪክ መተካት። ከቡድኑ አንዱ ይህን ከኢንተርኔት ተምሮ ግጭት ሲያስቸግረው ሞከረውና የአንዲት ጓደኛው ኮሚቶች ከፍላሹ ጠፉ። ልጅቷ ግን አልደነገጠችም፤ ላፕቶፗ ላይ ሙሉው ታሪክ ነበር፤ መልሳ ገፋችው። ብራና ላይ የተፋቀ ስም እንዲህ አይመለስም፤ ጥላው ብቻ በፀሐይ አንጻር ሲያዩት ይታይ ይሆናል።

ደብረ ታቦር ላይ ስለ መጽሐፍ ሲወራ ዐፄ ቴዎድሮስን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ሰው የሚያነሣላቸው ሴባስቶፖልን ነው፤ እዚህ አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ባለሙያዎች ያቀለጡላቸውን መድፍ። ለዚህ ወግ የሚቀርበው ግን መጽሐፋቸው ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ የአድባራቱን መጻሕፍት ሰብስበው ወደ ደብረ ታቦር አመጡ፤ ኋላም ወደ መቅደላ አጋዙ፤ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ትልቅ የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ሊያደርጉለት። በ1860 መጀመሪያ ደብረ ታቦርንም አቃጥለው መድፋቸውን እየጎተቱ ወጡ። ሚያዝያ 6 መቅደላ ወደቀች። የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገውታል፤ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት በመጨረሻ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በየደብሩ ተበትነው ቢቀሩ ኖሮ ማን በአንድ ቀን ያገኛቸው ነበር?

ከአራት ዓመት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ሁለት ነገር እንዲመለስላቸው ለእንግሊዝ ንግሥት ጻፉ፦ ክብረ ነገሥትና ኩርዓተ ርእሱ የሚባለው ሥዕል። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሙዚየሙ ሲፈትሽ ሁለት ቅጂ ስላገኘ አንዱን ለቀቀ። ሥዕሉ አንድ ብቻ ነበር። ሊገኝ አልቻለም የሚል መልስ መጣ፤ ሙዚየሙን ወክሎ ከጦሩ ጋር የዘመተው ሪቻርድ ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ኖሯል።

ጊትን ከእነ ሲቪኤስ የሚለየው ይኸው ነው፤ ብቸኛ ግምጃ ቤት የለውም። ክሎን ያደረገ ሁሉ ከመጀመሪያዋ ኮሚት ጀምሮ ያለውን ታሪክ በሙሉ ይይዛል። ይህ ደግሞ በእኛ አገር የመጽሐፍ ዕውቀት ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። በ2019 እ.ኤ.አ. ጊትሃብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት የኢራንና የሶርያ ፕሮግራመሮችን አገልግሎት ሲገድብ፣ ሥራቸውን እዚያ ብቻ ያስቀመጡ ሰዎች በር ላይ ቆመው ቀሩ። መንገዱ ሲዘጋ ጊትሃብን ማከማቻ ያደረገ ሰውና ጊትሃብን አንዱ ቅጂ ያደረገ ሰው ይለያሉ። ሁለተኛው ኢንተርኔት እስኪመጣ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሲመጣ የተጠራቀመውን በአንድ ፑሽ ይልካል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳላነሣ ብቀር ይቆጨኛል። ልጁ አንዱን ፋይል «ሰነድ» ብሎ በአማርኛ ሰየመው። ጊት የተለወጡትን ሲዘረዝር ይህን ስም እንዲህ አድርጎ አሳየው፦ 341 210 260 341 212 220 341 213 265። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ ስምንት አቀማመጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ጊት ደግሞ የላቲን ያልሆነ የፋይል ስም ሲያይ ባይቶቹን እየቆጠረ ይጽፋቸዋል። አንድ ማስተካከያ ቢነግሩት ይተወዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አይተውም። «ፀሐይ» ብሎ አንዱ፣ «ጸሐይ» ብሎ ሌላው፣ «ፀሀይ» ብላ ሦስተኛዋ ከጻፉ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ከቡድኑ አንዷ የቄስ ልጅ ናት። በሥርዓት የተማረችውን ፊደል ሌላው እየለወጠባት፣ እሷ እየመለሰች፣ የአንድ ገጽ ርእስ ብቻ የተለዋወጠበት ረጅም የኮሚት ሰልፍ አይቻለሁ። ሲስተሙ ላይ የጨመረው ምንም የለም። እኔ ግን ከሌላው ሁሉ ይህን በደስታ አነበብሁት።

የኮሚት መግለጫዎቻቸውም ይነበባሉ። «ተስተካክሏል።» «አሁን ተስተካክሏል።» «በእውነት ተስተካክሏል።» አንዱ ደግሞ ሌሊት ላይ፦ «መብራት ሊጠፋ ነው»። ምን እንደተለወጠ አይናገርም፤ ለምን በዚያ ሰዓት እንደተላከ ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ መግለጫ የለም።

በስተመጨረሻ የተከራከሩት ስለ ጊት አልነበረም። ፍላሹ ማን ጋ ይደር፣ ወደ ዋናው ብራንች የሚገባውን ማን ይይ የሚለው ነው ያመሸው። ብዙ መስመር የጻፈው ልጅ እኔ ልሁን አለ፤ አልተሰማለትም። የመረጡት የቄሱን ልጅ ነው፤ ራሷ ከሁሉም ያነሰ ጽፋለች፣ የሌላውን ኮድ ግን ከላይ እስከ ታች የምታነበው እሷ ብቻ ናት። ፍላሹም እሷ ጋ ሆነ፤ ጊትሃብ ሁለተኛ ቅጂ ሆኖ ኢንተርኔት በተገኘ ጊዜ እንዲላክበት ተስማሙ። ሁሉም ተሰናድቶ አማካሪያቸው ዘንድ ሲሄዱ፣ ሥራው ታትሞና በሲዲ ተደርጎ ይምጣ ተባሉ። ከኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሲዲ መጻፊያ ያለው የወረታው ብቻ ነው። ልጁ በማግስቱ በጠዋቱ ሚኒባስ ወረደ፤ ወንድሙ ደግሞ የሲዲ ማስቀመጫው ከተበላሸ ቆይቷል፣ በመርፌ ካልተጎተተ አይከፈትም ብሎ ጠበቀው።